የሃያና የስድሳ አማካይ

በላቸው የተገደለው በገዛ ጋራዡ ውስጥ ነው። ብረት የራስ ቅሉን ከኋላ ከፍቶታል፤ ከወደቀ በኋላም መቺው አልበቃውም፣ ፊቱን ሚስቱ እንኳ እንዳትለየው አድርጎታል። ሻምበል ወልደ ገብርኤል ሬሳውን መልሶ ሸፈነ። እንዲህ የሚመታ ቂም የያዘ ሰው ነው ሲል አሰበ።

በሩ ላይ የሟቹ አጎት አያ የሻው ምንሽሩን አቀባብሎ ቆሟል። ጎረቤትየው አለነ ደም በደም ሆኖ በገመድ ታስሯል።

«ጩኸት ሰምቼ ላነሳው ነው የገባሁ፣ ጌታዬ!»

«ምነው ያዘገዩናል?» አለ አያ የሻው። «ትላንት በወሰን ተደባድበዋል። ሰውየውን ይስጡኝና ደሜን ልመልስ።»

«እስከ ዐሥር ሰዓት ይታገሱኝ፣ አያ።»

«ከዐሥር አንዲት ደቂቃ አላሳልፍም።»

ሽማግሌው የሚቀልድ ሰው አልነበረም። ሻምበሉ የሟቹን ሾፌር ቢያዝንን አስጠራ። ቢያዝን የሟቹ ሚስት የሽታዬ ወንድም ነው፤ እሷ የተሰበረ ግራ እጇን በጨርቅ አስራ ጥግ ይዛለች።

«ጩኸቱ የተሰማው አራት ሰዓት ላይ ነው። የት ነበርክ?»

«ጨው ጭኜ አይከል ከተማ። እዚህ መውጫው ላይ ያለው ኬላ ይመስክር፤ በሁለት ሰዓት ወጣሁ፣ በአምስት ገባሁ።»

«ስንት እየነዳህ?»

«ስሄድ ከነጭነቴ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ስመለስ ባዶዬን ስድሳ። አማካዩ አርባ። ደርሶ መልስ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ለአርባ ሲካፈል፣ ሦስት ሰዓት። የማታ ትምህርት እኮ ገብቻለሁ!»

«ሸጋ ተማሪ» አለ ሻምበሉና ሁለት ፖሊሶች ወደ ኬላው በፈረስ ላከ። በልጅነቱ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነው፤ የተሳሳተ ሒሳብ ሲሰማ ጆሮውን ይበላዋል።

ፖሊሶቹ ሲመለሱ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ደምሮ ለሁለት ማካፈል በሁለቱም ፍጥነት እኩል ሰዓት ለነዳ ነው። ቢያዝን እኩል የነዳው መንገዱን ነው። ስድሳውን ኪሎ ሜትር በሃያ ሲሄድ ሦስት ሰዓት፣ በስድሳ ሲመለስ አንድ ሰዓት፤ ድምሩ አራት። መቶ ሃያ ለአራት ሲካፈል፣ እውነተኛው አማካይ ሠላሳ ነው። ዝግታው ብዙ ሰዓት ይበላላ! እንደ ቃሉ ከሆነ፣ ኬላው በአምስት ሰዓት ሲያየው ገና አይከል መግባቱ ነበር።»

«ስሄድም ሠላሳ ሳልነዳ አልቀርም...» አለ ቢያዝን በላብ ተነክሮ።

«ጨውህን ከኬላው ወዲያ ገደል ውስጥ አግኝተነዋል። ማኪናውን እዚያው ትተህ ኬላውን ዞረህ በእግርህ መጣህ። ደም የነካው የማኪና ማንሻ ክሪክም ከጆንያዎቹ ሥር ነበር።»

ቢያዝን ወደ በሩ ዘለለ። አያ የሻው በሰደፍ አፉን ሲለው ጥርሱ መሬት ላይ ተበተነ።

«እጇን ሰብሯት ነበር!» ብሎ ጮኸ ቢያዝን ደም እየተፋ። «ለእኅቴ ስል ነው!»

ሽታዬ ተነሳች።

«እሺ እሱን ለእኔ ስትል ገደልከው። አለነንስ ለጥይት የሰጠኸው ለማን ስትል ነው?»

መልሱን አልጠበቀችም። ሄዳ በደህና እጇ የአለነን ገመድ መፍታት ጀመረች።