ሰው ያለበት የሚመስለው ቤት

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። "ከማን ሰማሽው?" ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። ከማንም አልሰማሁትም...

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሥራዬ የሚሸጡ ቤቶችን ገዢ ከመምጣቱ በፊት ማሰናዳት ነው። አጸዳለሁ፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ ዕቃ አስተካክላለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ደላላ፣ ባዶ ቤት ገዢን ያስበረግጋል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሰው የሚኖርበት አስመስለዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳህን፣ ወንበሩ ላይ ኮት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፎጣ።

በዚህ ምክንያት ደላላው "አስመሳይ" ብሎ ይጠራኛል። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። አሁን ስልኬን ሳነሳ ራሴ "አቤት፣ አስመሳይ ነኝ" እላለሁ።

የዚያን ቀኑ ቤት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ነው። ሦስት ሰው አስገባሁበት። አባት፣ እናት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ። በሐሳቤ ማለቴ ነው። ለአባትየው ኮት አመጣሁለት፤ ለእናትየው መነጽርና መጽሐፍ።

ለልጅቷ ግን የሚሆን ዕቃ አጣሁ። ስለዚህ የራሴን ልጅ ዕቃ ከቤት ይዤ ወጣሁ። ትራሷን፣ ነጠላ ጫማዋንና ቢጃማዋን።

ምነው እጄን በቆረጠው!

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ጥሩምባ ነው የምንላት፤ አፏ አንድ ደቂቃ አያርፍም። ቀን ላይ ተኚ ቢሏት ቤቱን ታፈርሰዋለች። አባቷ የሞተው ሳትወለድ ነው። ስለ እሱ ብዙም አትጠይቀኝም፤ እኔም ብዙ አልነግራትም።

ጠዋት ዕቃዋን ስሸክፍ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ለማን ነው?"

"ለማንም። ውሸት ነው እኮ፤ ቤቱ ውስጥ ልጅ ያለች ለማስመሰል ነው።"

ዓይኗ ለአባትየው በያዝኩት ኮት ላይ አረፈ።

"ልጅቷ አባት አላት?"

"አላት" አልኳት፤ ቸኩዬ ነበር።

"ታድላ" አለች።

አንጀቴን በላችው። ግን ረፍዶብኝ ስለነበር ሳም አድርጌያት፣ አብራን ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ትቼያት ወጣሁ።

ገዢዎቹ የሚመጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ሰባት ላይ ጨርሻለሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ የመጨረሻ ዙሬን ጀመርኩ።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ፎጣው ረጥቧል...

አዲስ ፎጣ ነው። ከላስቲኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የቤቱ ውሃ ደግሞ ከተቆረጠ ከርሟል፤ ወለሉን የወለወልኩት እንኳ በጀሪካን በመጣ ውሃ ነው።

"እጄ እርጥብ ነበር ማለት ነው" ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። መጽሐፉን መሃል ላይ ገልጬ ነበር የደፋሁት፤ ሲነበብ የተቋረጠ እንዲመስል። አሁን ተዘግቷል። መነጽሩም ታጥፎ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

አላጠፍኩትም። እርግጠኛ ነኝ፣ አላጠፍኩትም...

ደላላው ጋ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ድምፄ በሹክሹክታ ወጣ።

"ቁልፍ ለሌላ ሰው ሰጥተሃል እንዴ?"

"ያለው አንድ ቁልፍ ነው። እሱም አንቺ ጋ ነው። ምነው?"

"ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ መሰለኝ።"

ከት ብሎ ሳቀ። "እንዲህ ነው እንጂ አስመሳይ! አንቺን ራስሽን ካታለለሽ ገዢውንማ..."

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ኮቱን አነሳሁት። ትከሻው ይሞቃል። ፀሐይ ነው እንዳልል ወንበሩ ያለው ጥላ ውስጥ ነው። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ አንድ ሰው አውልቆት የሄደ ይመስላል።

ኮቱን ጣልኩት። ግን ወደ ውጭው በር አልሮጥኩም፤ ወዲያው በሐሳቤ የመጣችው ልጄ ናት። ዕቃዋ እዚህ ነው። ለነዚህ ሰዎች የልጄን ዕቃ ሰጥቻቸዋለሁ...

ወደ ልጅቷ ክፍል ገባሁ።

ቢጃማውን አጥፌ አልጋው ጫፍ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። የለም። ብርድ ልብሱ ደግሞ እስከ ላይ ተስቧል። ትራሱ መሃል ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ የትንሽ ልጅ ራስ ያህል።

እህቴ ጋ ደወልኩ።

"ልጄስ?"

"ተኝታለች።"

"በዚህ ሰዓት?"

"እኔም ገርሞኛል። ምሳዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት። ደስ የሚል ሕልም ሳይሆን አይቀርም የምታየው፤ ትስቃለች።"

"ቀስቅሻት!"

"ምን ሆነሻል? ልጅ ትተኛ እንጂ..."

"እትዬ፣ በሞቴ! ቀስቅሻት!"

ስትጠራት ይሰማኛል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ከዚያ የእህቴ ድምፅ ተለወጠ።

"አልነቃ አለችኝ..."

ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት። ቢጃማው ውስጡ ተዘርግቷል። ቁልፎቹ እስከ አንገት ድረስ አንድ በአንድ ተቆልፈዋል። እጅጌዎቹ ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል፤ ልጄ ስትተኛ ሁልጊዜ እንደምታደርገው።

አፈፍ አደረግኩት። ትራሱንም፣ ጫማውንም። ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ እህቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም ጮኸች።

"ነቃች! ነቃች እኮ! ምነው አስደነገጥሽኝ?"

እየሮጥኩ ወጣሁ። ግቢው በር ላይ ከደላላው ጋር ተላተምን። ገዢዎቹ ቸኩለው ቀድመው መጥተዋል፤ ባልና ሚስት ናቸው።

"ዕቃውን ወዴት ነው የምትወስጂው?" አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

ሚስትየዋ ከኔ ኋላ ወደ ቤቱ ቀና ብላ እያየች እንዲህ አለች።

"ይቅርታ... ሰዎቹ ገና አልለቀቁም እንዴ? አባወራው በመስኮት ሰላም አሉን።"

ደላላው ቀጥሬ ያስገባሁት ሰው መስሎት በዓይኑ ጠቀሰኝ። ጉብዝናዬን ማድነቁ ነው። ዞሬ አላየሁም። ለመዞር አልደፈርኩም።

ቤቴ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በሩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት።

ደህና ናት! ተንበርክኬ አቀፍኳት። ሳምኳት፣ አሸተትኳት፣ አለቀስኩ። እሷ ግን አላቀፈችኝም። እጆቿን ወደ ጎን ለቃ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ልጆች የማያውቁት ዘመድ ሲስማቸው እንደሚሆኑት።

"ቤቱን ለማየት ነው የመጡት?" አለችኝ፣ በትሕትና።

ጨዋታ መሰለኝ። በሥራዬ እየቀለደች ነው አልኩ።

"አዎ" አልኳት እንባዬን እየጠረግኩ። "ታሳይኛለሽ?"

እጄን ይዛ አስገባችኝ።

"ይሄ ሳሎናችን ነው። ይሄ ኩሽናችን ነው። እሷ አክስቴ ናት።"

እህቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አለች። "ድምፅዎን ብቻ ዝቅ ያድርጉልኝ። እህቴና ባለቤቷ ጋደም ብለዋል።"

ወደ እሷ ተጠጋሁ።

"እትዬ...?"

ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ለማታውቀው እንግዳ የምታወጣት ናት።

ልጄ እጄን ሳብ አደረገችኝ። የኔን መኝታ ቤት በር በጣቷ ጫፍ ገፋችው።

"እናቴና አባቴ ናቸው" አለች በሹክሹክታ። ፊቷ በደስታ ያበራል። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

አልጋዬ ላይ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ሰውዬውን አላውቀውም። የሴትየዋን ፀጉር ግን አወቅኩት። ሁለት ጉንጉን ነው፤ ጠዋት በራሴ እጅ፣ በራሴ ፀጉር ላይ የጎነጎንኩት...

ልጄ እጄን ለቀቀችኝ። ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ይዛ ሽቅብ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅሯል።

"እባክዎን" አለችኝ፣ "ቤታችንን አይግዙብን።"

ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ከውስጥ ዘጋችው።