ከሌላ ቦታ የመጣ ሣር

የቤቱ ባለቤት ከገዛ ጣሪያቸው ወድቀው፣ ደጃፉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። መርማሪዋ ስትደርስ የጠዋቱ ጭጋግ ገና አልተገፈፈም፤ ሬሳው ብርድ ልብስ ለብሷል።

አያትየዋ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጠው፣ ጥፍራቸው ውስጥ የገባውን አፈር በሹራባቸው እጅጌ ይሸፍናሉ። ፈርተዋል። ሬሳ ፈርተው አይደለም፤ የፈሩት ለልጅ ልጃቸው ነው። ቤቱን የነደፈችው እሷ ናት። የመጨረሻውን ሥራ እስክትጨርስ ሁለቱም እዚሁ እንግዳ ሆነው ሰንብተዋል።

ቤቱ እንደ ሌላው ቤት አልነበረም። ግማሹ ተራራው ሆድ ውስጥ ገብቷል፤ ግድግዳው ከዚያው በተለቀመ ድንጋይ ተገንብቷል፤ ጣሪያው አፈር ለብሶ የተራራውን ሣር አብቅሏል። ከኋላ የመጣ ሰው ተራራው የት አልቆ ጣሪያው የት እንደጀመረ አይለይም። ባለቤቱ የብረት አጥር አይሆንም ስላሉ፣ ልጅቷ ከጠርዙ ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያክሉ ሰባት ድንጋዮች በረድፍ አስተክላ ነበር። ሰውየው ዓይናቸው ደካማ ነው። በየጠዋቱ ድንጋዮቹን በከዘራቸው ዳብሰው፣ አንድ እርምጃ ይሻገሩና ቆመው ሸለቆውን ያዳምጣሉ። ይህን ልማዳቸውን የማያውቅ የለም።

«ታዲያ ዛሬ ምን አገኛቸው?» አለች መርማሪዋ። አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት።

«ጭጋግ ነዋ» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የገዛ ካፖርቱን ለአያትየዋ እየደረበላቸው። ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገባቸው አልተለየም። «ስንት ጊዜ ነገርኩት። ቤት የሚሠራው እንዲታይ ነው ወይስ እንዲደበቅ? ልጅቷንም አልወቅስም። ልጅ ናት፣ ትሳሳታለች።»

ይህን ሲሰሙ አያትየዋ የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ጫፍ ጎተቱት።

«እርስዎ የሚኖሩት የት ነው?»

«እዚሁ ቁልቁል፣ አትክልት ያለበት ቤት።»

«መኪናው ሣር ላይ የቆመበት?»

«ጋራዡ ዕቃ ሞልቶበት ነው።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ወደ ቆመው፣ ቤቱን ወደ ገነባው ግንበኛ ዞረች። «ድንጋዮቹን የተከልካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ቆፍሬ እስከ ወገቡ ቀብሬዋለሁ።»

«ድንጋይ ወገብ አለው?»

«ከእኔ የተሻለ አለው» አለ፣ የራሱን ወገብ እያሻሸ። ከዚያ በአገጩ መስኮቱ ጋ ወደ ቆመችው ልጅ አመለከተ። «ያሰቃየችንስ እሷ ናት። ከሌላ ቦታ አንዲት ዘር እንዳትገባ እያለች ጫማችንን ሳይቀር ታስራግፈን ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ጣሪያው ወጣች። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሣሩን ስንዝር በስንዝር ስትረግጠው ቆየች። ጭጋጉ ሲገፈፍ ሁሉንም እዚያው ጠራቻቸው።

«ግንበኛው ድንጋዮቹን ቀብሬያቸዋለሁ ብሏል» አለች። «እነዚህ ግን ሣር ላይ ነው የተቀመጡት፤ ከሥራቸው ያለው ሣር እንኳ አልጠወለገም። እዚህ ቦታ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ሰውየው ባልወደቁ። ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ እዚህ ያስቀመጣቸው ሰው አለ።»

ልጅቷ የአያቷን እጅ አየች። ጥፍራቸውን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ረዳቷ አንድ እርምጃ ወደ ልጅቷ ቀረበ። አያትየዋ መሀላቸው ገቡ።

«ዝም በይ አንቺ። ውሸቷን ነው፤ እኔ ነኝ» አሉ። «ሲወድቁ ድምፁን ሰማሁና ወጣሁ። ከፍታ ስለምፈራ ከዚያ በፊት እዚህ ረግጬ አላውቅም። ድንጋዮቹ ጠርዙ ላይ ተደርድረዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ ማለት አየር ነው። ሦስት እርምጃ ስትል ግን ሰምቻለሁ። ልጄ ለካ ተሳስታለች ብዬ፣ እንዳያስሩብኝ አንድ በአንድ ተሸክሜ ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ መለስኳቸው።»

«የተነቀሉበትን ጉድጓድ አላዩም?»

«ሣር ብቻ ነው ያየሁት።»

«ልክ ነዎት» አለች መርማሪዋ። ከድንጋዮቹ ግማሽ እርምጃ ወዲህ ጎንበስ ብላ ጣቶቿን ሰካች፤ ሰሐን የሚያህል ሣር ከነአፈሩ ተነሳ። ከሥሩ የድንጋይ ጉድጓድ አፉን ከፈተ። «እንዲህ ያለ ሰባት ቦታ አለ። የተራራው ሣር ቀጭንና ሻካራ ነው፤ ይሄ ቅጠሉ ሰፊ፣ ውሃ የጠገበ የጓሮ ሣር ነው። ድንጋዮቹን ነቅሎ ወደ ጠርዙ ያወረዳቸው ሰው ጉድጓዱን በዚህ ደፈነው። ልጅቷ ወይም ግንበኛው ቢሆኑ ከዚሁ ተራራ ይቆርጡ ነበር፤ የሌላ ቦታ ሣር ከዚህ ጋር እንደማይመሳሰል ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይሄኛው ግን ሣር ሁሉ አንድ ነው ባይ ነው።»

ረዳቷ ከጣሪያው ጫፍ ወደ ታች እጁን አወዛወዘ። ታች ያለው ፖሊስ የወንድምየውን መኪና ገፍቶ ፈቀቅ አደረገው። መኪናው ከቆመበት ሣር መሀል፣ ሣር ከነአፈሩ የተነሳበት ሰባት ክብ ጠባሳ ታየ።

ወንድምየው ለማምለጥ አልሞከረም።

«ሰኞ ሊፈርም ነበር» አለ። «ተራራው ላይ ሌላ ቤት ለዘላለም እንዳይሠራ። የአባታችን፣ የሁለታችን ተራራ ነው። እኔ ከከተማው የሚታይ ሆቴል ስመኝ ሃያ ዓመቴ።»

አያትየዋ የለበሱት ካፖርት የማን እንደሆነ ትዝ አላቸው። ከላያቸው ለመጣል ሲጣደፉ ቁልፉ ተበጠሰ።

«እናቴ» አለቻቸው መርማሪዋ፣ «ድንጋዮቹን ባሉበት ትተዋቸው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። ልጅዎን ለጥቂት ነው ያላሳሰሯት።»

ሰዎቹ ወረዱ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እማማ፣ እኔ የተሳሳትኩ መስሎሽ ነው?»

«ፈራሁ ልጄ።»

«መፍራትሽን አልጠየቅኩሽም። ሰው የሞተው በእኔ ስህተት ነው ብለሽ አመንሽ?»

አያትየዋ ማስተባበያ ፈለጉ። ለዚህች ልጅ ሲሉ ስንት ዋሽተዋል፤ አሁን ግን ልጅቷን ራሷን መዋሸት አልቻሉም።

«አመንኩ» አሉ።

ልጅቷ ቁልቁለቱ እንዳያንሸራትታቸው ክንዳቸውን ያዘች። እስከ ታች ድረስ አጥብቃ እንደያዘቻቸው ወረዱ፤ ፊቷን ግን ወደ እሳቸው አላዞረችም።