ቲቲ እንዳይበርዳት

ጣና ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ መንደር ራስጌ፣ ጉብታ አለ። ጉብታው ላይ አንዲት ነጭ ቤት አለች።

በነጯ ቤት ውስጥ የትንሿ ልጅ የትርንጎ አክስት ትሠራለች። ስሟ ስንዱ ነው። ሥራዋ ደግሞ ሰማይን መጠየቅ ነው።

እውነቴን ነው፣ ሰማይን መጠየቅ! ሰማይ ግን እንዲሁ አይመልስም። ስለዚህ አክስት ስንዱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ፊኛ ትልካለች።

የልደት ፊኛ እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው በሬ ያክላል!

ፍሽሽሽሽ! ጋዝ ሲሞላ ያብጣል፣ ያብጣል፣ ያብጣል። ከፊኛው ሥር ረጅም ክር አለ። ከክሩ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ሳጥን ታስራለች።

«ቲት! ቲት! ቲት!» ትላለች ሳጥኗ። ለዚህ ነው ትርንጎ «ቲቲ» ያለቻት።

ቲቲ ወደ ላይ ስትወጣ ብርዱን ትለካለች። ነፋሱን ትለካለች። ደመናው ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ትለካለች። ያገኘችውን ሁሉ ለአክስት ስንዱ ኮምፒውተር ትነግራለች። ቲት! ቲት!

ፊኛውን የምትይዘው አክስት ስንዱ ናት። ቲቲን የምትይዘው ትርንጎ ናት። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይጮኻሉ፦

«ውጪ፣ ውጪ! አይተሽ ንገሪን!»

ቲቲ ከነገረች በኋላ አክስት ስንዱ ጉብታው ላይ ጨርቅ ትሰቅላለች። አረንጓዴ ከሆነ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ቀይ ከሆነ ግን ማዕበል እየመጣ ነውና ማንም አይገባም።

የትርንጎም አባት ዓሣ አጥማጅ ነው። ጨርቁን ሳያይ አይገባም።

አንድ ቀን ትርንጎ ጠየቀች። «አክስቴ፣ ቲቲ የምትሄድበት አገር ይበርዳል?»

«ኧረ እንዴት አይበርድ!» አለች አክስት ስንዱ። «እዚያ ላይ ውሃ ራሱ በረዶ ይሆናል።»

የትርንጎ ሆድ ባባ። ቲቲ ብቻዋን ናት። ልብስ የላትም። ትርንጎን እናቷ ጠዋት ጠዋት «ይበርድሻል፣ ልበሺ!» ትላታለች። ቲቲን ግን «ልበሺ» የሚላት ማን አለ?

በማግስቱ ትርንጎ ፌስታል አንጠልጥላ ወደ ጉብታው ወጣች። አክስት ስንዱ ፊኛውን ጋዝ እየሞላች ነበር። ዞር ብላ አላየችም።

«ይበርድሻል፣ ልበሺ!» አለቻት ትርንጎ ቲቲን።

ቢጫ ሹራብ አለበሰቻት። ኮፍያ አደረገችላት። አንድ ካልሲም ጨመረችላት። ሁለተኛው ካልሲ ጠፍቷል።

«ተዘጋጀሽ?» አለች አክስት ስንዱ፣ ወደ ላይ ወደ ፊኛው እያየች።

«ተዘጋጅተናል!» አለች ትርንጎ።

«ውጪ፣ ውጪ! አይተሽ ንገሪን!»

ፊኛው ብድግ አለ። ትንሽ ወጣ። ቆመ። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ።

ድው! ቲቲ መሬት ነካች። ድው! ድው! ድው! እየነጠረች ቁልቁለቱን ወረደች።

በዶሮዎቹ መሃል አለፈች። ዶሮዎቹ አልወደዱትም። «ቋቅ! ቋቅ! ቋቅ!»

መጨረሻ ላይ ሹራቧን አጥሩ ያዘው።

«ወይኔ ፊኛዬ!» አክስት ስንዱ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ክሩን ያዘች። ሹራቡን አየች። ኮፍያውን አየች። ካልሲውን አየች።

«ይቺ ደግሞ ሠርግ ተጠርታለች እንዴ?» አለች።

ትርንጎ ቲቲን እቅፍ አደረገቻት። «አላወልቅባትም! ይበርዳታል!»

ታች፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጉብታውን ያያሉ። አረንጓዴ የለም። ቀይም የለም። ሰማዩ ደግሞ ጥርት ብሏል።

«ስንዱን ዛሬ ምን ነካት?» አለ አንዱ። «ሰማዩን አታዩም? እንግባ እንጂ!»

«ኧረ ትንሽ እንጠብቅ» አለ የትርንጎ አባት። ሆኖም መረቡን ጀልባው ላይ ጫነ።

አክስት ስንዱ ትርንጎ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አልተቆጣችም። ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም።

«ትርንጎዬ፣ ሹራብ ስትለብሺ ይበርድሻል?»

«አይበርደኝም።»

«ታዲያ ቲቲ ሳይበርዳት ስለ ብርዱ እንዴት ትነግረናለች? ይሄን ሁሉ ተሸክማስ እንዴት ትወጣለች? እሷ ካልነገረችን አባትሽ በምን ያውቃል?»

ትርንጎ ወደ ታች አየች። አባቷ የጀልባውን ገመድ እየፈታ ነው።

ቶሎ ብላ ካልሲውን አወለቀች። ኮፍያውን አወለቀች። ሹራቡንም አወለቀች።

«አይዞሽ ቲቲ» ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። ቲቲ ጆሮ የላትም፤ ቢሆንም ነገረቻት።

«ውጪ፣ ውጪ! አይተሽ ንገሪን!»

ፊኛው ሽቅብ ተፈተለከ! በሬ ያክል የነበረው ብርቱካን አከለ። ከዚያ አተር አከለ። ከዚያ ጠፋ።

«ቲት! ቲት!» ብርድ ነው።

«ቲት! ቲት! ቲት!» በጣም ብርድ ነው።

«ቲትቲትቲትቲት!» ነፋስ! ኃይለኛ ነፋስ!

አክስት ስንዱ በሌላ ከተማ ለሚሠሩ ጓደኞቿ ደወለች። እነሱም ፊኛ ልከው ነበር። የእነሱም ሳጥን ያንኑ ነው የነገረቻቸው።

«ቀዩን አምጪ!» አለች አክስት ስንዱ።

ትርንጎ እየሮጠች አመጣች። ገመዱን ሁለቱም ሳቡት። ቀዩ ጨርቅ ጉብታው ላይ ወጣ።

የትርንጎ አባት አንድ እግሩ ውሃ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ጀልባ ውስጥ ነበር። ቀና ብሎ አየ።

«ቀይ ነው! መልሱ! ሁላችሁም መልሱ!»

«በዚህ በጠራ ሰማይ?» እያሉ አጉረመረሙ። እያጉረመረሙም ቢሆን ጀልባዎቻቸውን ወደ ዳር ጎተቱ።

ማታ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ጉርርርር! ዛፎቹ ጎበጡ። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ኳ! ኳ! ኳ! ኳ!

ሐይቁ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ታስረው ተወዛወዙ። ውስጣቸው ማንም አልነበረም።

የትርንጎ አባት ቤቱ ቁጭ ብሏል። ዓሣ ስላልተገኘ እራቱ ሽሮ ነው። ስለ ሽሮው ግን ምንም አላጉረመረመም።

«አባዬ፣ ቲቲስ አሁን የት ናት?» አለች ትርንጎ።

«ፊኛው እዚያ ላይ ፈንድቷል» አለ አባቷ። «እሷ ደግሞ በትንሽ ጃንጥላዋ ቀስ ብላ ወርዳለች። ያገኛት ሰው ለአክስትሽ እስኪመልሳት የሆነ ማሳ ውስጥ ጋደም ብላ ይሆናል።»

«ሥራዋን ጨርሳ?»

«አዎ፣ ሥራዋን ጨርሳ።»

በረዶው አባራ። ትርንጎ ከአልጋዋ ወረደች። መስኮቱን ከፈተችና ባዶ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች።

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ። «ይበርድሻል፣ ልበሺ!»

«ቆይ እማዬ! ሳይበርደኝ እንዴት እነግራችኋለሁ?»

ሁሉም ጠበቋት።

«ቲት! ቲት!» አለች ትርንጎ። «ብርድ ነው። ነፋስ ነው። አባዬ እቤት ነው።»

ከዚያ አባቷ መስኮቱን ዘጋ። ቢጫውን ሹራብ አለበሳትና እቅፍ አድርጎ አስተኛት።