«የጾም» የሚለው እሽግ

«ፍጠኚ! ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ የህያ፣ የሱቃቸውን የብረት መዝጊያ እስከ ጉልበታቸው ከፍ አድርገው። ሶፊ በርከክ ብላ ከሥሩ ሾለከች። መዝጊያው ከኋላዋ ወረደ።

ቡራዩ በአድማ ከተዘጋች አምስተኛ ቀኗ ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የአምቦን መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ከቆረጠው ወዲህ ወፍጮ ቤቱም ዳቦ ቤቱም አልተከፈቱም፤ ወደ አዲስ አበባ የወጣ ሚኒባስ የለም። የሱቁ መደርደሪያዎች ጥርሱ እንደ ረገፈ ድድ ባዷቸውን ቀርተዋል።

የጋሽ የህያ ልጅ ኑሃ የሶፊ የክፍል ጓደኛ ናት። የስልኳን መብራት አበራች። «ብስኩት ከሆነ የቀረው ይኸው ነው» አለች። ሁለት ዓይነት ነበር። በቀዩ እሽግ ላይ «የጾም» የሚል በጉልህ ተጽፏል። ሰማያዊው ከውጭ የመጣ፣ ጨው ጨው የሚል ነው።

«ለእማዬ ነው» አለች ሶፊ። «መርፌዋን ተወግታ ካልቀመሰች ትወድቃለች። ትናንት ወድቃለች።»

እናቷ እናትነሽ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል ከጥቅምት ጀምሮ አልደረቀም። ነርሷ «ስኳርሽ ካልወረደ እግርሽን ታጪዋለሽ» ብላታለች፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ነው። ትልቁ ልጇ ስምዖን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ታፍሶ በጭነት መኪና ከተወሰደ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። የንስሐ አባቷ «ሕመምተኛ ነሽና ብዪ» ቢሏትም፣ እሱ እስኪመለስ ድረስ የገናን ጾም ላታጎድል ተስላለች።

«እና ቀዩን ውሰጂላታ። የጾም ነው፤ ምን ይጎዳታል?» አለች ኑሃ።

እናትነሽም ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነበር። ቅቤና ወተት ያልነካው ነገር ሁሉ ለእሷ ቀላል ምግብ ነው።

ሶፊ እሽጎቹን ገልብጣ ወደ መብራቱ አስጠጋቻቸው። ቀዩ ስኳር ሰባት ግራም፣ ስብ ስድስት ይላል። ሰማያዊው ደግሞ በእንግሊዝኛው ሠንጠረዡ ስኳር ስድስት፣ ስብ ዐሥራ አንድ።

«አየሽ፣ ቀዩ ይሻላል! ስቡ በግማሽ ያንሳል።»

«ቆይ፣ ኑሃ። የቀዩ በሠላሳ ግራም ነው፤ የሰማያዊው በመቶ።» ሶፊ በመደርደሪያው አቧራ ላይ በጣቷ አሰላች። «ቀዩን ወደ መቶ ስናመጣው ስኳሩ ሃያ ሦስት፣ ስቡ ሃያ።»

«ወይኔ! ብስኩት ነው ከረሜላ?»

ኑሃ ሰማያዊውን ተቀብላ፣ በመድረሳ እንደለመደችው በዐረብኛ ብቻ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አነበነበች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሶፊ… የወተት ዱቄት አለው።»

 በገፈርሳ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ጋሽ የህያ በመዝጊያው ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ስሚኝ» አለች ኑሃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዐረብኛው ምን እንደሚል እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው። ከእሽጉ አውጪና በሳህን አቅርቢላት።»

«ስለቷስ?»

«አቦ አታካብጂ! እግሯ አይበልጥም? እኛ ጋ እንኳ ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም።»

«እሷ ግን አልረሳችም» አለች ሶፊ።

ሁለቱንም እሽግ በሹራቧ ሥር ሸሽጋ ወጣች። ከግድግዳ ግድግዳ እየተጠጋች፣ ጭሱ ጉሮሮዋን እየከረከራት ቤቷ ደረሰች። በቀጥታ ወደ ማድቤት ገብታ ሳህን አነሳች። ሰማያዊውን ልትቀደው ጥፍሯን አስገባች። ከወዲያኛው ክፍል የእናቷ ሳል ይሰማል። ሶፊ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያም ሳህኑን ወደ ቦታው መለሰችው።

አከራያቸው አዴ ገለቴ ከአልጋው ጎን ተቀምጠዋል። የወንድማቸው ልጅም ከስምዖን ጋር በዚያው መኪና ነበር የተጫነው። «መጣሽ ሶፊ ኮ፣ የኔ ልጅ» ብለው ቦታ ለቀቁላት። መርፌው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«የጾም አገኘሽ?» አለች እናትነሽ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

ሶፊ እሽጎቹን ሳትከፍት፣ ጎን ለጎን በእናቷ ጭን ላይ አኖረቻቸው።

«እማ፣ የሁለቱንም ላንብብልሽ። ከዚያ አንቺ ትመርጫለሽ።»

«አንብቢያ» አለች እናትነሽ፣ በተጠቀለለው እግሯ ላይ ብርድ ልብሱን እየሳበች።

ሶፊ ሰማያዊውን አነሳች። ከስኳሩ መጀመር ትችል ነበር፤ ስድስት ብቻ ነው። ትንፋሿን ሰብስባ፣ ከወተቱ ጀመረች።