ሠላሳኛው ምት

ወዳጆቼ፣ ይሄ በኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላየሁትን አላወራም፣ ፈጣሪዬን እፈራለሁ።

በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ነው። ሆስፒታል፣ ሊፍት ውስጥ።

ትንሹ ልጄ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ አራተኛ ፎቅ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል። ለእህቱ ልደውልላት ወረድኩ። ስመለስ ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝና ሊፍት ገባሁ።

ውስጡ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቆመዋል። ነጭ ጋዋናቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል።

ሁለተኛ ፎቅን እንዳለፍን ሊፍቱ ቀጥ አለ። መብራቱ ደከመ።

በሩን ደበደብኩ። ደወሉን ተጫንኩ... ማንም የለም።

"ተረጋጊ እህቴ። እጅሽን ስጪኝ፣ የልብ ምት ልቁጠር።"

"እኔን ይተዉኝ ዶክተር፣ በሽተኛው ልጄ ነው፣ እላይ ነው ያለው።"

ፈገግ አሉ። ግን እጄን ይዘውታል።

ያኔ ሰዓታቸውን አየሁት።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። እንዲህ ያለ የድሮ የሐኪሞች ሰዓት በዕድሜው ሁለቴ ብቻ ነው እጁ የገባው። ሐኪሙ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫን ረጅሙ ጠቋሚ መዞር ይጀምራል። ሠላሳ የልብ ምት ቆጥሮ መልሶ ሲጫን ይቆማል። ዳር ዳሩን የተጻፈው ቁጥር ልብ በደቂቃ ስንቴ እንደሚመታ ይናገራል።

የሳቸው ግን የሰዓትም የደቂቃም ጠቋሚ የለውም። ያ ረጅሙ ብቻ...

ተጫኑት። ቀጭ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት..."

የኔ ልብ እንደ ከበሮ ይደልቃል። እሳቸው ቀስ፣ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚቆጥሩት። የኔ አሥሬ ሲመታ እሳቸው ሦስት ይላሉ።

"ዶክተር... ልቤ እንዲህ አይደለም የሚመታው።"

"ያንቺን መች ቆጠርኩ?... አሥራ አራት..."

ገብቶኛል እኮ። ግን ጠየቅኩ።

"የማንን ነው?"

"አራተኛ ፎቅ የተኛውን። እጅሽን አትሳቢ... አሥራ አምስት..."

እጄን እንደ ድንጋይ አደረቅኩት። በሆዴ ጸሎቴን ያዝኩ።

ከሃያ ስድስት በኋላ በምትና በምት መሃል ያለው ጊዜ ረዘመ።

በሩ ተንቋቋና ሁለት ክንድ ያህል ተከፈተ። የጥገና ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"እማማ፣ ብቻዎን ነዎት? ይውጡ ቶሎ! ገመዱ አያስተማምንም።"

"ሃያ ስምንት..." አሉ ሐኪሙ በጆሮዬ።

"እጅዎን ለማን ነው የዘረጉት እማማ?"

"ተወኝ ልጄ። ሁለት ቀርቶኛል።"

"ሃያ ዘጠኝ..."

ከዚያ ዝም።

ጠቋሚው ይዞራል። ዝም።

ሊፍቱ አንድ ስንዝር ወረደ። ሠራተኛው ሌላኛውን ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። እግሬን ግድግዳው ላይ ተከልኩና እምቢ አልኩ። ልጄን ትቼ የት እወጣለሁ?

...

"ሠላሳ።"

ቀጭ።

እጄ ተለቀቀ። ሠራተኛው መንጭቆ አወጣኝ። ዞሬ ሳይ ውስጡ ማንም የለም።

ልጄ፣ ተመስገን፣ ዳነ። "ልቡ አንዴ አስደንግጦን ነበር" ብቻ ነው ኦፕራሲዮን ያደረጉት ሐኪሞች ያሉኝ።

ከሆስፒታል የወጣን ቀን ኮሪደሩ ላይ ሊፍቱ ተከፈተ።

አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማለች። አትወጣም። አንድ እጇ ወደፊት ተዘርግቷል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የእጇ አንጓ ላይ ቆዳዋ ሦስት ቦታ ጎድጎድ ብሏል... የማይታይ ጣት እንደተጫነው።

እባካችሁ ወዳጆቼ፣ እንዲህ የቆመች እናት ካያችሁ አትጎትቷት። ቆጥራ ትጨርስ።