ኖራ የተቀባው ድንጋይ

«ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ደቂቃ አይቀንስም» አለ ኢዘዲን፣ የባጃጁን መስታወት በጨርቅ እየወለወለ። «እኔ አራት ዓመት ሮጫለሁ። ሃያ ሰከንድ ለመቀነስ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ጊዜ አለ።»

«አንተ እኮ የሮጥከው ምሳ እንዳያልቅብህ ነው» አለው ብሩኬ። ባጃጅ ተራው ላይ የቆሙት ሹፌሮች ሳቁ።

ከቅዳሜ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጭሮ ውስጥ ስለ ፈርዶሳ የማይከራከር ባጃጅ ነጂ ማግኘት ከባድ ነበር። ፈርዶሳ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ከቦርደዴ መጥታ አክስቷ ቤት እየኖረች ትማራለች። ዓምና አሥር ኪሎ ሜትር በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ትሮጥ ነበር። ዘንድሮ ሠላሳ አምስት ከአርባ ገባች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ከአሥራ አምስት። አንዱ፣ በዚህ አያያዟ ከታላላቆቹ ጋር ብትሰለፍ አምስተኛ አታጣም ይላል። ሌላው፣ ታላላቆቹ እስከ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር አብረው አባብለው ከዚያ ጥለዋት ይሄዳሉ ይላል። ሦስተኛው በቦርደዴ ሙቀት ያደገ ሳንባ እንዴት እንደሚሠራ እንደ ሐኪም ያስረዳል። ኢዘዲን ብቻ ሰዓቱን ራሱን አላምንም አለ። በዚህ የተነሳ ስሙ ምቀኛ ሆኗል።

«ምስክሯ እዚህ ቆማ የለ እንዴ?» አለ ብሩኬ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ባጃጅ ወደምትጠብቀው ልጅ ዞሮ። «ኑሂ፣ እስቲ ንገሪው። መዞሪያው ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ኑሃሚን።

ያ እውነት ነበር። የት እንደቆመች ግን ማንም አልጠየቃትም።

ኑሃሚን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እሷ ራሷ አትሮጥም፤ የፈርዶሳ ጓደኛ ስለሆነች ግን የስፖርት መምህሩ ቲቸር መኮንን አንድ ሥራ ሰጥቷት ነበር። የድሮው የልምምድ መንገድ ለውኃ ቧንቧ ሲቆፈር፣ ቲቸር ከከተማው የሚወጣውን ሌላ አስፋልት መረጠ። እሷን ከኋላው ጭኖ በሞተሩ ቆጣሪ አምስት ኪሎ ሜትር ለካ፤ ከመንገዱ ዳር ያለውን አንድ ድንጋይም ኖራ ቀባ። ቲቸር መነሻው ላይ ሰዓት ይዞ ይቆማል፤ ኑሃሚን ድንጋዩ ጋ ቢጫ ሻርፕ ይዛ ትጠብቃለች፤ ፈርዶሳ ኑሃሚንን ዞራ ትመለሳለች። ድንጋዩ የት እንዳለ ከቲቸርና ከኑሃሚን ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ፈርዶሳ ከዚያ በፊት በዚህ መንገድ ሮጣ አታውቅም፤ የምታየው ሻርፑን ነው።

ድንጋዩ ግን ዛፍ የሌለበት ቦታ ነው። ከሱ ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ፣ ባጃጆች ተሳፋሪ የሚጠብቁበት የቆርቆሮ ዳስ አለ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ኑሃሚን በዚያ ስታልፍ ሹፌሮቹ ስለ ፈርዶሳ እየተከራከሩ ነበር፤ ጠሯት። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ምን ትበላለች? ከትልልቆቹ ጋር ብትገባስ? ኑሃሚን መለሰች። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቀውን ልጅ፣ ስድስት ትልልቅ ሰዎች ጸጥ ብለው አዳመጧት። አሁን እሄዳለሁ፣ አሁን እሄዳለሁ ስትል ፈርዶሳ ከታች ብቅ አለች። ኑሃሚን ደንግጣ ወደ አስፋልቱ ዳር ሮጠች። ፈርዶሳ አየቻትና በቀጥታ ወደሷ መጣች። ያኔ «ገና ነው፣ ቀጥይ» ማለት ይቻል ነበር። እጇ ግን ሻርፑን ከፍ አደረገ።

ትንሽ ነው ብላ ነበር። ማታ ደብተሯ ጀርባ ላይ ስታሰላው ትንሽ አልነበረም። ሄዳ መመለሷ ሲደመር ሰባት መቶ ሜትር፤ ለፈርዶሳ ከሁለት ደቂቃ በላይ። ኢዘዲን ልክ ነው። ምቀኛ የሚባለውም እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቲቸር መኮንን በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ጠራት። ከወር በኋላ አዳማ ላይ ውድድር ነበር፤ በወጣቶቹ ሩጫ ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡትን ክለቦች ይወስዷቸዋል። የፈርዶሳ ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበረ። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ከወጣቶቹ ጋር ሦስተኛ መውጣት ትችላለች፤ ከአዋቂዎቹ ጋር ግን ማንም ዞሮ የማያያት መጨረሻ ትሆናለች።

«ከወጣቶቹ ሰርዤ ወደ አዋቂዎቹ ላዛውራት ነው» አላት። ደስታው ከፊቱ ሊወርድ አልቻለም። «ሰኞ ምዝገባው ይዘጋል። ቅዳሜ አንድ ጊዜ ደግመን እንለካና እልከዋለሁ። እኔ እዚህ አገር ከተመደብኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ አላጋጠመኝም።»

«ሁለቱም ላይ ብትመዘገብስ ቲቸር?»

«አይቻልም። አንዱን መምረጥ ነው።»

ኑሃሚን አፏን ከፈተች። ደወል ተደወለ። ደወሉ ባይደወልም ኖሮ የምትናገር አልመሰላትም።

ማታ እራቷን ስትገፋው እናቷ ዘርፈሽዋል በእጇ ጀርባ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ታይፎይድ ነው አለች፤ የጎረቤት ልጅም እንዲሁ ነው የጀመረው፣ መጀመሪያ ምግብ መጥላት፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ኑሃሚን ታይፎይድ በሆነ ብላ ተመኘች። ታይፎይድ መድኃኒት አለው።

እናቷ ግን ስለ ሌላም ነገር ስትጨነቅ ነው የዋለችው። «ያቺ ልጅስ አልበዛባትም? ልብ እኮ ሥጋ ነው» አለች፣ ሳህኑን እያነሳች። «ከአቅሟ በላይ ከሆኑት ጋር አስገብተዋት አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?»

ኑሃሚን ሳህን ልታጥብ ተነሳች። መልሱን ታውቀዋለች።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ፈርዶሳ አክስቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሩጫ ጫማዋን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ስታጥብ ኑሃሚን አገኘቻት።

«አባቴ ደወለ» አለች ፈርዶሳ ቀና ሳትል። «ዛሬ ከጁምዓ ሶላት ሲወጡ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሯል። ከአዋቂዎች ጋር ልትሮጥ ነው ብሎ። እሱ እኮ ሩጫውን ተይና ትምህርትሽን ተማሪ የሚል ሰው ነበር።»

«ፈራሽ?»

«ትንሽ። ግን ወላሂ ኑሂ፣ ያን ቀን እንደ ሌላ ጊዜ አልደከመኝም። ስጨርስ ገና ጉልበት ነበረኝ። ራሴ ነው የገረመኝ።» ብሩሹን አስቀመጠች። «አንቺ ቆመሽ ስላየሁሽ ይመስለኛል። ከሩቅ ያን ቢጫ ሳይ፣ በቃ ደረስኩ አልኩ።»

የኑሃሚን ጆሮ ጋለ። «ፈርዶሳ... ያን ቀን እኮ...»

«እ?»

«ንፋስ ነበረ።»

ፈርዶሳ ሳቀች። «ስሄድ ከገፋኝ ስመለስ ከፊት ይመጣ የለ? ይልቅ ነገም በጊዜ ቁሚልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው ላይ ገና አልተነሳም ነበር። ኑሃሚን ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ዳሱ ጋ ስትደርስ፣ ከወትሮው የበለጠ ሰው ተሰብስቧል። ብሩኬ ሩጫውን ለመቅረጽ ስልኩን አዘጋጅቷል። ኢዘዲን ብቻውን፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ የባጃጁ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

እዚሁ ብትቆም ሰዓቱ ያው ይሆናል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። ድንጋዩ ጋ ብትቆም ፈርዶሳ በሠላሳ አምስት ትገባለች፣ ቲቸርም ምን እንደነካት ግራ ይገባዋል። ደከመች ይሏታል፤ ታመመች፣ ተበላሸች ይሏታል። ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል።

እግሯ ዳሱን አልፎ ሄደ።

«ወዴት ነው ኑሂ?» አለ ብሩኬ። «መዞሪያው እዚህ አይደል እንዴ?»

«አይደለም» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ከላይ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አለ። ያን ጊዜም መቆም የነበረብኝ እዚያ ነው።»

ብሩኬ ስልኩን ዝቅ አደረገ። አንዱ ሹፌር መንገዱን ወደ ላይ አየ፣ መልሶ ዳሱን አየ፤ በዓይኑ እየለካ ነበር። ኢዘዲን እኔ ብዬ ነበር ቢል መብቱ ነበር፤ አላለም።

የቀረውን መንገድ በሩጫ ነበር የወጣችው። ድንጋዩ ላይ ያለው ኖራ በከፊል ታጥቧል። ትንፋሿ ሳይመለስላት ፈርዶሳ ከታች ብቅ አለች፤ አጭር እርምጃ፣ ትከሻዋ የማይነቃነቅ። ዳሱ ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። ግራ ቀኝ አየች። ሻርፑን ፈለገች።

ኑሃሚን እጇን አነሳች፤ የምትችለውን ያህል ከፍ አድርጋ።

ፈርዶሳ አንድ አፍታ ብቻ ነው የቆየችው። ከዚያ ዳገቱን ተያያዘችው። ድንጋዩን ስትዞር ዓይኗ ኖራው ላይ አረፈ፣ ከዚያ ኑሃሚን ላይ። ለመጠየቅ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ግን ዓይኗ ውስጥ ያለፈው ነገር፣ ሳምንቱን ሙሉ ኑሃሚን ስትሸሸው የነበረው ጥያቄ ነው። ፈርዶሳ ጀርባዋን ሰጥታ ወረደች።

ኑሃሚን ሻርፑን ይዛ እዚያው ቀረች። ከታች የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። ኢዘዲን መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም።

«ቲቸር ሰዓቱን ሳያይ መስማት ያለበት ነገር ያለ ይመስለኛል» አለ። «የፈርዶሳ ጥፋት መስሎት እንዳይቆጣት።»

ቲቸር መኮንን፣ ፈርዶሳ፣ ከዚያ ቦርደዴ ያለው አባት፤ ከዚያ ከተማው በሙሉ። እናቷም። ኑሃሚን ልትነግራቸው የሚገባትን ሁሉ በተራ አሰበቻቸው፤ እየከፋ እንጂ እየቀለለ የሚሄድ አንድም አልነበረም።

«ቀድመናት እንደርሳለን?» አለች።

«አሁኑኑ ከገባሽ።»

ገባች። ባጃጁ ዳሱን አልፎ ቁልቁል በረረ፤ ብዙም ሳይቆይ የፈርዶሳ ጀርባ ከፊታቸው ታየ። ኢዘዲን አቧራ እንዳያስነሳባት ቀስ ብሎ ወደ መሀል ወጣ። አጠገቧ ሲደርሱ ኑሃሚን ከባጃጁ መጋረጃ ጀርባ መሸሸግ ትችል ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ፊቷን አወጣች። ፈርዶሳ ዞር ብላ እስክታያት ድረስ አልመለሰችውም።