ያልደረቀው የጀላል ልስን

ይህ ነገር በእውነት ተደርጓል። ማመን ያቃተው ይተወው፤ እኔ ማንንም አልለምንም። የነገሩኝ አያ አብዱልወሀብ መሐላ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን «ወላሂ!» ብለው ነው የነገሩኝ።

ግንቦት 1972 ዓ.ም.፣ ደሴ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር።

አያ አብዱልወሀብ የኮምቦልቻ ለሳኝ ናቸው። በጣሊያን ጊዜ በድንጋይና በኖራ የተሠራው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ሊታደስ ሲል፣ ቄሱ አባ ገብረ ማርያም «ከእሳቸው ሌላ ሰው አይነካውም» ብለው አስጠሯቸው።

ደሴ ውስጥ ለሳኝ የጠፋ ይመስል! ለምን እሳቸውን? ያኔ አልጠየቁም። ሥራ ሥራ ነው።

ልባቸው ግን ሥራው ላይ አልነበረም። አንድ ልጃቸው ጀላል፣ በ1970 በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች ሊይዙት ሲመጡ በጓሮ ወጥቶ ሮጠ። እንደወጣ ቀረ።

ሞቷል ብለው ሰደቃ አያወጡለት... አለ ብለው አይጠይቁት... እናቱ መዲና «ማታ ይመጣ ይሆናል» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ቀርቅራ አታውቅም።

ጀላልም ለሳኝ ነበር፤ ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። ግራኝ ነበር። ሌላው ሰው ፍራታሶውን፣ ማለስለሻ እንጨቱን ማለቴ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲያዞር እሱ ወደ ግራ ያዞራል።

አባትና ልጅ ሲሠሩ አይጯጯሁም። በጭቃ መለጠፊያ ማንካቸው ግድግዳ ይመታሉ። ሦስት ጊዜ... «ጭቃ አቀብል»። አንድ ጊዜ... «አለቀ»።

ደግሞ ጀላል አንድም ግድግዳ ብቻውን ጨርሶ አያውቅም። መዳፍ የምታክል ቦታ ይተዋል። «የአባት ድርሻ» ይላታል። እሷን አባቱ ካልለሰኑለት ሥራው የተመረቀ አይመስለውም። ሲለስኑለት ነው አንዴ የሚመታው።

እንግዲህ ያን ቀን ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። አያ ዙሁር ሰግደው ተመለሱና ከደወሉ ቤት ሥር ያለውን ግድግዳ ልስኑ ለቆ እንደሆነ ለማወቅ በማንካው እጀታ አንዴ ነካ አደረጉት።

ዝም።

ከዚያ...

ኳ... ኳ... ኳ።

ከግድግዳው ውስጥ!

«አይጥ ነው» አሉ ለራሳቸው። አይጥ ደግሞ መቼ ቆጥሮ ይመታል?

ኳ... ኳ... ኳ።

ዘወር ቢሉ አባ ገብረ ማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ኖራ መስሏል።

«ሰሙት?» አሉ በሹክሹክታ።

«እርስዎም ይሰሙታል?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ... አያ፣ ልጅዎ እዚህ ነበር።»

አያ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

«ያን ቀን ከኮምቦልቻ በእግሩ ሸሽቶ መጣብኝ» አሉ ቄሱ። «ከግድግዳው ኋላ ጠባብ ክፍል አለች። እኔ ድንጋይና የኖራ ጭቃ አቀበልኩት፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ በራሱ እጅ ዘጋው። ለምግብ ቀዳዳ ተወ። በሦስተኛው ቀን እኔን አሰሩኝ... አርባ ቀን። ስፈታ ቀዳዳዋ ከውስጥ ተለስናለች። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። መክፈቱንም ፈራሁ... ለእርስዎ መንገሩንም ፈራሁ።»

«ጭቃ ሲጠይቅዎ ዝም አሉት?»

«ለሞተ ሰው ምን ልስጠው፣ አያ?»

አያ መዶሻቸውን አነሱ። ድንጋዩን አንድ በአንድ ነቀሉ። አጥንቱም ቢሆን ይገኝ... ለመዲና ይዘውላት ይግቡ። ሌላ ምን ይመኛሉ?

ብርሃኑ ገባ።

ባዶ ነው።

አጥንት የለም። እራፊ ጨርቅ የለም። መውጫም የለም።

ግድግዳው ግን ዙሪያውን ተለስኗል። የፍራታሶው ዱካ ሁሉ ወደ ግራ ይዞራል። አያ በጣታቸው ነኩት።

እርጥብ ነው።

«አባ... ይሄ የዛሬ ልስን ነው።»

«ማንም አልገባም። በእመቤቴ ማርያም!»

ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ሳትለሰን ቀርታለች።

አያ እዚያው ዘጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ልጄ... ይህን ሁሉ ጊዜ እኔን ነው የምትጠብቀው?»

ሲበቃቸው ተነሡ። ጭቃውን ራሳቸው አቦኩ። «ቢስሚላህ» ብለው ለሰኗት።

ትንሽ ቆየ...

ኳ።

አንድ ጊዜ ብቻ።

ማታ ኮምቦልቻ ገቡ። መዲና እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። አያ እጇን ይዘው አስገቧት። ዞረው በሩን ቀረቀሩት።

ገባት። ጩኸቷ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰ። በነጋታው የጀላል ሰደቃ ወጣ።

አባ ገብረ ማርያም ያቺን ክፍል መልሰው አላስዘጉም። እኔም ከዓመታት በኋላ ሄጄ አየኋት። የአባትየው ድርሻ ደርቃ ነጥታለች። የልጁን ልስን ደግሞ ነካሁት...

ጣቴ ላይ እርጥብ ኖራ ቀረ።